«አንድሬ እና ዋሊ ቢ» (1984)፦ የዚያ ንብ አወናጨፍ ለምን ያስቃል፣ የእኛው ለምን ይቆራረጣል?

ቀፎዋ

ሰላም ለቤቱ። የ20 ሰከንድ የአኒሜሽን ልምምድ ላይ እርዳታ ፈልጌ ነው። ሐሳቡ «አንድሬ እና ዋሊ ቢ» ከተባለው አጭር የኮምፒውተር አኒሜሽን ፊልም የተወሰደ ነው፤ ንብ (ፊልሙ ላይ ዋሊ) ከሰውየው (ከአንድሬ) አፍንጫ ሥር ያንዣብባል፣ ሰውየው በጣቱ ወደ ጎን ይጠቁምለታል፣ ንቡ ዞር ሲል ሰውየው እግሬ አውጪኝ ይላል፣ ንቡ ተወንጭፎ ይከተለዋል። ንግግር የለም። የምሠራው በብሌንደር (የሦስት ገጽታ አኒሜሽን ሶፍትዌር) ነው፣ በሰከንድ 24 ፍሬም (ሥዕል)፣ 1920 በ1080 ፒክስል።

ያልሆኑልኝ ሦስት ነገሮች ናቸው፦

አንደኛ፣ ንቡ ሲወነጨፍ ይቆራረጣል። በ4 ፍሬም 1200 ፒክስል ያህል ይሄዳል፣ የሰውነቱ ርዝመት 120 ፒክስል ነው። አንድ ንብ የሚበር ሳይሆን አራት ንቦች ወረፋ የያዙ ይመስላል። ሞሽን ብለር (የእንቅስቃሴ ድብዘዛ) ሲበራ ደግሞ በጣት የተቀባ ጭቃ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ሰውየው ንቡን ፈዞ የሚያይባት አንድ ሰከንድ ላይ ሬሳ ይመስላል።

ሦስተኛ፣ ክንፉ አንዳንዴ ወደ ኋላ የሚመታ ይመስላል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ቀጥ ይላል።

ፒክሳር በዚያን ዘመን ኮምፒውተር ይህን ከሠራ የእኛ ላፕቶፕ ምን ነካው?

ሥዕል_በሥዕል

ከመጨረሻው ልነሳ። ፒክሳር ያኔ አልተወለደም። ፊልሙ የሉካስፊልም የኮምፒውተር ክፍል ግራፊክስ ቡድን ሥራ ነው፤ ቡድኑ ተነጥሎ ፒክሳር የተባለው ስቲቭ ጆብስ በ1986 ከገዛው በኋላ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ሐሳቡና ዳይሬክሽኑ የአልቪ ሬይ ስሚዝ፣ አኒሜሽኑ ከዲዝኒ የመጣው የጆን ላሴተር፣ ጫካው የቢል ሪቭስ፣ ድምፁ የቤን በርት ነው። ስሞቹ የተዋንያኑ የአንድሬ ግሪጎሪና የዋላስ ሾን ናቸው፤ ሁለቱ እራት ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ የሚያልቅ የ1981 ፊልም አለ። ያኛው ከዳር እስከ ዳር ወሬ ነው፣ ይኼኛው አንድ ቃል አይተነፍስም። ቀልዱ ከስሙ ይጀምራል።

የላፕቶፑን ነገር በተመለከተ፣ ሬንደሩ (ሥዕሉን አስልቶ ማውጣቱ) ላፕቶፕ የሚያህል ማሽን ላይ አልተሠራም። የክሬይ ኩባንያ ኤክስ-ኤምፒ ሱፐርኮምፒውተርና ኤምአይቲ የነበሩ አሥር ቫክስ 11/750 ማሽኖች ተደርበውበት ነው። እንዲያም ሆኖ አልደረሰም። ጁላይ 1984 ሚኒያፖሊስ ላይ በሲግራፍ የኮምፒውተር ግራፊክስ ጉባኤ ሲታይ ጥቂት ሰከንዶች ሬንደራቸው ስላላለቀ በሽቦ ሥዕል (ቀለም በሌለው የመስመር ንድፍ) ነበር ያለፉት። የክፍሉ ኃላፊ የነበረው ኤድ ካትሙል ኋላ እንደጻፈው አብዛኛው ተመልካች ቀለሙ ጠፍቶ በሽቦ መተካቱን ልብ እንኳ አላለም። ሁለት ደቂቃ በማይሞላ ፊልም መሀል ይህ መሆኑ ለዚህ ክር ትልቁ መረጃ ነው፤ ያንን አዳራሽ የያዘው ሬንደሩ አልነበረም። ስለዚህ ቀፎዋ፣ ላፕቶፕሽን ተይውና ኪፍሬምሽን (አቋሙን የወሰንሽባቸውን ቁልፍ ፍሬሞች) አሳዪን።

ግራፍ_ኤዲተር_ነው_ችግሩ

እህቴ፣ ቁጥሩን ራስሽ ጽፈሽዋል፣ መልሱም እዚያው ውስጥ ነው። 1200 ለ4 ሲካፈል 300። ንቡ በየፍሬሙ 300 ፒክስል ይሄዳል፣ ሰውነቱ ግን 120 ብቻ ነው፤ በሁለት ተከታታይ ሥዕሎች መካከል 180 ፒክስል ባዶ ይቀራል። ዓይን ሁለት ሥዕል አያይዞ «አንድ አካል ሄደ» የሚለው ሥዕሎቹ ሲደራረቡ ወይም ቢያንስ ጫፍ ለጫፍ ሲነካኩ ነው። ያ ሲቀር ወረፋ የያዙ ንቦችሽን ታያለሽ።

ክፍተቱን መሙያ ሁለት መንገድ አለ፤ አካሉን በሚሄድበት አቅጣጫ መለጠጥ፣ ወይም ሞሽን ብለር። በመለጠጥ ብቻ ከሆነ 120ውን 300 ለማድረስ 2.5 እጥፍ ያስፈልጋል፤ ካርቱን ነው ቢባልም ለንብ በዛ። በብለር ብቻ ከሆነ ሻተሩን (ከአንዱ ፍሬም ብለሩ የሚይዘውን ድርሻ) ቢያንስ 0.6 ማድረግ ሊኖርብሽ ነው፤ 180 ፒክስል ጭራ 120 ፒክስል አካል ላይ ሲለጠፍ ያልሽው ጭቃ ይመጣል። ሻተሩን ብሌንደር ሲከፈት በሚያገኙት በ0.5 ተዪው። ያ የፊልም ካሜራ 180 ዲግሪ ማለት ነው፣ በ24 ፍሬም 1/48 ሰከንድ። የቀረውን በመለጠጥ ሙዪ።

ሌላው ስህተት አራቱንም ፍሬም እኩል 300 ማድረግሽ ነው። እኩል ፍጥነት ያለው ነገር ሊፍት እንጂ ንብ አይመስልም። 1200ውን እንዲህ ክፈዪው፦

1ኛ ፍሬም 60 ፒክስል። ከሰውነቱ ያነሰ ስለሆነ መለጠጥ አያሻውም።
2ኛ 240። ብለሩ ግማሹን ማለትም 120 ይሸፍናል፣ አካሉ 120፤ ልክ ገጠመ።
3ኛ 400። ብለሩ 200፣ አካሉ 200 መሆን አለበት፤ ርዝመቱን 1.67፣ ውፍረቱን 0.77።
4ኛ 500። ብለሩ 250፣ አካሉ 250፤ ርዝመቱን 2.08፣ ውፍረቱን 0.69።

ውፍረቱ ከየት መጣ? ይዘቱ እንዳይጨምር። ርዝመቱን ስንት ካደረግሽው የሌሎቹ ሁለት አቅጣጫዎች መጠን 1 ሲካፈል ለዚያ ቁጥር ስኩዌር ሩት ነው። ይህ ከተረሳ ንቡ የተለጠጠ ሳይሆን የተነፋ ይመስላል። ሲጨፈለቅም ያው ነው፤ 0.75 ርዝመት ማለት 1.15 ውፍረት።

ከሁሉም በላይ ግን ከውንጨፋው በፊት ያለው ነው የሚበልጠው። ንቡ ከመሄዱ በፊት ከ8 እስከ 10 ፍሬም ወደ ኋላ 90 ፒክስል ያህል ይሳብ፣ ወደ 0.75 ይጨፍለቅ፣ እዚያው 2 ወይም 3 ፍሬም ይቆይ። በ4 ፍሬም የሆነን ነገር ማንም አያይም፤ ሰው የሚያየው ንቡ ሊሄድ ሲል ነው፣ ከዚያ ደግሞ መሄዱን። ላሴተር በ1987 ሲግራፍ ላይ ባቀረበው ጽሑፍ የባህላዊ አኒሜሽንን መርሆች ወደ ኮምፒውተር ሲያመጣ የዋሊን አወናጨፍ በምሳሌነት ያነሳው አለምክንያት አይደለም፤ መጨፍለቅና መለጠጡ፣ ቅድመ-ዝግጅቱ፣ ኋላ የሚጎተተው እግርና አንቴና፣ ሁሉም እዚያች አንዲት ምት ውስጥ አለ።

አንድ_ሰከንድ_24_ነው

ክንፉን ለኔ ተዉልኝ።

የባምብልቢ ክንፍ በሰከንድ ወደ 200 ጊዜ ይመታል። በ24 ሲካፈል በአንድ ፍሬም ውስጥ ስምንት ምት ገደማ ነው። ያንን በኪፍሬም መከተል ከንቱ ልፋት ነው። በ24 ፍሬም ሊነበብ የሚችለው ፈጣኑ ምት በሰከንድ 12 ነው፤ አንድ ፍሬም ላይ፣ አንድ ፍሬም ታች። ከዚያ ካለፈ ዓይን ይታለላል፤ 23 ያደረግሽው እንደሆነ በሰከንድ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ የሚዞር ይመስላል፣ ልክ 24 ወይም 48 ከሆነ ቀጥ ይላል። ቅርጹን የሚደግመው ኪፍሬም ክፍልፋይ ፍሬም ላይ ካረፈ ሁለቱም ችግር እየተፈራረቀ ይመጣል፤ «አንዳንዴ» ያልሽው ይህ ነው።

መፍትሔው ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ላይ-ታች በየፍሬሙ፣ ኪፍሬሞቹ ሙሉ ቁጥር ላይ ተቆንጥጠው፣ ኢንተርፖሌሽኑ (ከኪፍሬም ወደ ኪፍሬም የሚያሻግረው መስመር) ቀጥታ። ወይ ክንፉን ጭራሽ አውጥቶ በምትኩ የማራገቢያ ቅርጽ ያለው ስስ ብርሃን አስተላላፊ ነገር ማድረግ፤ ሁለት ዓይነት ሠርቶ በየፍሬሙ ማፈራረቅ፣ የአንዱን ግልጽነት 25 በመቶ የሌላውን 35 በመቶ ማድረግ። ሁለተኛው ሬንደርም ይቀንሳል።

በመጀመሪያው መንገድ የሚሄድ ሰው ሳይክልስ (ከብሌንደር ሬንደር ማውጫዎች አንዱ) ላይ በዕቃው የሞሽን ብለር ክፍል ስቴፕስ የሚለውን ከ1 ወደ 3 ያሳድግ። 1 ሲሆን ሶፍትዌሩ ጥቂት ነጥቦችን ብቻ በቀጥታ መስመር ነው የሚያገናኘው፤ ክንፍ ግን በቅስት ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ብለሩ ክንፉን አሳጥሮ ያሳያል።

ለታሪክ ያህል፣ ብለሩን በየናሙናው የተለያየ ቅጽበት በዘፈቀደ መርጦ የማስላት ዘዴ በዚያው ዓመት በዚያው ጉባኤ ላይ ነው የቀረበው፣ የኩክ፣ የፖርተርና የካርፔንተር ጽሑፍ ነው። ዛሬ ሬንደር ላይ ናሙና ሲያንስ ጭራው ላይ የምናየው እንደ አሸዋ የተበተነ ነገር ከዚያው ዘዴ የመጣ ነው። ከ64 ናሙና በታች አትውረዱ፤ ዲኖይዘር (አሸዋ አጥፊው) የአካሉን አሸዋ ያጠፋል፣ የጭራውን ግን አዝረክርኮ ነው የሚተወው።

ቀፎዋ

አቤት፣ የ60፣ 240፣ 400፣ 500 ነገር ወዲያው ሠራ። ብለሩ በ0.5 ላይ ጭቃ መሆኑን አቆመ። አዲስ ችግር ግን አመጣብኝ፦ አካሉ ሲለጠጥ ክንፎቹና እግሮቹም ተንጋደው ይለጠጣሉ፣ በተለይ ንቡ ሰያፍ ሲሄድ።

ግራፍ_ኤዲተር_ነው_ችግሩ

የሚጠበቅ ነው። እናት አጥንት (ሌሎቹ የሚከተሉት የማንቀሳቀሻ አጥንት) በአንድ አቅጣጫ ብቻ ተለጥጦ ልጅ አጥንቱ ዞሮ ከተቀመጠ፣ ልጁ መለጠጡን በእናቱ አቅጣጫ ይወርሳል፣ በራሱ አቅጣጫ አይደለም። መንጋደዱ ከዚያ ነው።

የክንፍ፣ የእግርና የአንቴና አጥንቶችን መምረጥ፣ በአጥንት ንብረቶች ውስጥ ሪሌሽንስ ሥር ኢንሄሪት ስኬል የሚለውን ከ«ፉል» ወደ «ነን» መቀየር። ቦታቸውን ይከተላሉ፣ መጠናቸው አይነካም። ለአካሉ ራሱ ደግሞ በእጅ ሦስት ቁጥር ከማስገባት «ስትሬች ቱ» ኮንስትሬይንት ማሰር ይሻላል፤ የይዘቱን ሒሳብ ራሱ ይሠራል፣ ጫፉን ይዘሽ ወደ መሄጃው አቅጣጫ መጎተት ብቻ ነው። ሰያፍ ሲሄድም ልጠጣው መንገዱን ይከተላል።

ያን ጊዜ ይህ ሁሉ ቅንጦት ነበር። የነበሩት ቅርጾች ኳስ፣ ሲሊንደርና የመሳሰሉት ናቸው፤ ላሴተር የሚታጠፍና የሚለጠጥ አካል ሲፈልግ ካትሙል የእንባ ጠብታ የሚመስል ቅርጽ ሠራለት። የአንድሬ ሰውነት ያ ጠብታ ነው። ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ፣ ወገቡ የሚተጣጠፍ። ዛሬ ለልምምድ ከዚያ የተወሳሰበ ሪግ (ገጸ ባሕሪውን የሚያንቀሳቅስ የአጥንት አደረጃጀት) የሚፈልግ ሰው እየሸሸ ነው ማለት ነው፤ ጣትና ከንፈር ያለው ሪግ አውርዶ ሦስት ወር ጣት ሲያስተካክል ይከርማል።

ጥላ_ብቻ

ሰውየው ሬሳ ስለመምሰሉ። በእጅ የተሳለ ሥዕል አንድ ሰከንድ ሙሉ ሳይነቃነቅ ቢቆም ችግር የለውም፣ በሦስት ገጽታ ኮምፒውተር የተሠራ ግን ገና ሲቆም ነፍሱ ይወጣል። ላሴተርም በዚያው የ1987 ጽሑፍ ያነሳዋል። መድኃኒቱ እየተነቃነቁ መቆም ነው። ፈዞ የሚያይበትን አቋም ሥሪ፤ ከ24 ፍሬም በኋላ ያንኑ አቋም ድገሚው፣ ግን ከ3 እስከ 5 በመቶ አጠንክሪው፦ አንገት ትንሽ ወደ ኋላ፣ ቅንድብ ትንሽ ወደ ላይ፣ ትከሻ ትንሽ ወደ ጆሮ። በመሀሉ አንድ የዓይን ጥቅሻ፤ 2 ፍሬም ሲዘጋ፣ 1 ተዘግቶ፣ 3 ሲከፈት። በቃ። ግራፉ ላይ ኖይዝ ሞዲፋየር (በዘፈቀደ የሚያነዝር) እንዳታስገቢ፤ ሰውየው ፈራ ሳይሆን ጠጣ ነው የሚመስለው።

ሁለቱ እጆች አንድ ላይ ከተነሱና አንድ ላይ ከወረዱ ደግሞ አሻንጉሊት ይሆናል። አንዱን በ2 ወይም በ3 ፍሬም አዘግዪው።

አሁን ወደ ጠቋሚው ጣት። ይህ ቀልድ የሚቆመው ተመልካቹ ሦስት ነገር በተራ ካየ ብቻ ነው፦ ሰውየው ጠቆመ፣ ንቡ አመነ፣ ሰውየው ሮጠ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከሆኑ አንዱ ይጠፋል። ሰውየው ሲጠቁም መጀመሪያ ዓይኑ ይሂድ፣ ከ3 ፍሬም በኋላ ጭንቅላቱ፣ ከዚያ ክንዱ። ንቡ ዞሮ ካየ በኋላ ከ10 እስከ 12 ፍሬም ምንም አይሁን። ያቺ ግማሽ ሰከንድ የተመልካቹ ናት፤ «ሊሸውደው ነው» ብሎ የሚደርስባት።

ክንዱ ደግሞ በጎን ይታይ። ወደ ካሜራው ወይም ደረቱ ላይ ተደርቦ የተጠቆመ ጣት ቁልፍ ፍለጋ ኪስ መዳበስ ይመስላል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ የብሌንደርን መመልከቻ ሶሊድ ላይ አድርጊ፣ መብራቱን ፍላት፣ ቀለሙን አንድ ወጥ ጥቁር፣ ጀርባውን ነጭ። ሁሉም ነገር ጥላ ብቻ ሲሆን ማን ምን እያደረገ እንደሆነ ከተነበበ ጨርሰሻል። አንድሬ ሲነቃ ጎኑን የሚያክበትን ቦታ እዩት፤ እጁ ከአካሉ ውጪ በጥላው ጠርዝ ላይ ነው የሚሠራው፣ ሆዱ ላይ ቢያክ አይታይም ነበር። የላሴተር ጽሑፍ የሥዕል መግለጫ ይህን ካለ በኋላ ፍርጥም ብሎ ሁለተኛ ምክንያት ይጨምራል፦ ያሳከከውም እዚያ ስለሆነ ነው።

ፊት_ለፊት

ይቅርታ አድርጉልኝና ይህን ፊልም እያነገሥነው ነው። ቀልዱ ስስ ነው። አንዱ ይተኛል፣ ይነቃል፣ ይሸሻል፣ ይነደፋል። ንቡ ለምን እንደመጣ የለም፣ አንድሬ ማን እንደሆነ የለም። ከሁለት ዓመት በኋላ «ሉክሶ ጁኒየር» ሁለት የጠረጴዛ መብራት ብቻ ይዞ አባትና ልጅ አሳይቷል፤ ጫካ የለ፣ ጎህ የለ፣ መልክዐ ምድር የለ። እንደ ፊልም ያኛው ይበልጣል። የሚማር ሰው ከዚያ ይጀምር።

ሥዕል_በሥዕል

እንደ ፊልም ሉክሶ ይበልጣል፣ አልከራከርም። ቀፎዋ የጠየቀችው ግን ማሳደድና መምታት ነው፣ ሉክሶ ውስጥ የለም።

«ስስ ነው» ያልከውን ቀልድ ደግሞ መጨረሻው ላይ መልሰህ እየው። ንድፊያው አይታይም። ሁለቱም ከፍሬም ይወጣሉ፣ ስክሪኑ ላይ ማንም የለም፣ ከዚያ ዋሊ መንደፊያው ቆልመም ብሎ ብቻውን ይመለሳል። ማን ምን እንደሆነ በዚያች ጠማማ መንደፊያ ላይ ተጽፏል። ወዲያው ደግሞ አንድሬ ከፍሬም ውጪ ሆኖ የወረወረው ባርኔጣ መጥቶ ንቡን ያላጋዋል። ሁለት ግጭት አለ፣ ዋናው አልተሠራም፣ የሳቁ ባለቤት ግን እሱ ነው። ይህ የበጀት ብልሃት ብቻ ሳይሆን የቀልድ ብልሃት ነው፤ የሁለት አካል ግጭት በሦስት ገጽታ መሥራት ዛሬም ከባድ ነው፣ ተመልካች ጭንቅላት ውስጥ ሲሠራ ደግሞ በነፃ ነው።

ቀፎዋ ያንን ክፍል ልትጨምሪ ካሰብሽ፣ ባዶው ስክሪን ከ18 እስከ 24 ፍሬም ይቆይ። 12 ከሆነ የቆረጣ ስህተት ይመስላል፤ 36 ካለፈ ሰው ስልኩን ያነሳል። ግጭቱ የሚሆንበት ፍሬም ላይ ካሜራው 10 ፒክስል ይንቀጥቀጥና በ6 ፍሬም ውስጥ ይረጋ። ንቡ ሲመለስ ግን በዝግታ፣ ወደ 40 ፍሬም ይፍጅበት። ሲሄድ 4፣ ሲመለስ 40።

ግራፍ_ኤዲተር_ነው_ችግሩ

መንደፊያው ሦስት አጥንት ይበቃዋል፤ መሀለኛው 90 ዲግሪ ገደማ ታጥፎ። ንቡ ሲቆም ጫፉ ይወዛወዝ፦ 30፣ ከዚያ በተቃራኒ 18፣ 10፣ 5፣ በየ3 ፍሬሙ። እያንዳንዱ አጥንት ከፊተኛው 1 ፍሬም ይዘግይ፤ ኪፍሬሙን ገልብጦ ወደ ቀኝ መግፋት ብቻ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። እንዲህ ተቀራራቢ ኪፍሬሞች ሲደረደሩ የሃንድሎቹ (መስመሩን የሚያጥፉት እጀታዎች) ዓይነት ይለያል። «አውቶማቲክ» የሚለው መስመሩን ለማለስለስ ሲል ከሰጠሽው ቁጥር አልፎ ይሄዳል፤ 30 ያልሽው 34 ይሆናል፣ መሬት የነካ እግር ደግሞ መሬት ውስጥ ይገባል። «አውቶ ክላምፕድ» ከቁጥሩ አያልፍም። ኳስ ወይም እግር መሬት የሚነካበት ፍሬም ላይ ግን ሁለቱም አይሆኑም፤ ቪ ቁልፍን ተጭነሽ «ቬክተር» አድርጊው፣ አለበለዚያ ወርዶ ከመንካቱ በፊት ፍሬን የያዘ ይመስላል።

ሬንደር_ጠባቂ

ስለ ጫካው ማንም አላነሳም። ካሜራው ገና ሲጀምር የሚያልፍበት ደን በእጅ አንድ በአንድ የተሠራ ዛፍ የለውም። ሪቭስ ቀደም ብሎ ለእሳትና ለብልጭታ ያወጣውን የፓርቲክል (የቅንጣት) ዘዴ ዘረጋውና ቅጠልና ሣር አበቀለበት፤ ፓርቲክሉ የሄደበት መንገድ ራሱ ቅርንጫፍ ሆነ። የቅጠሎቹን ጥላ አንድ በአንድ ማስላት የማይሞከር ስለነበር በግምት ሄደበት፤ ቅጠሉ ወደ ዛፉ ውስጥ በጠለቀ መጠን ይጨልማል፣ ፀሐይ ባለችበት በኩል ያለው ይበራል፣ የብልጭታው ነጥብ በዕድል ይወድቃል። የጎሁ ቀለም ደግሞ የማክስፊልድ ፓሪሽን ሥዕሎች ተከትሎ ነው የተመረጠው።

ይህ ግምት ዛሬም ያዋጣል። ቅጠሉ ላይ ከዛፉ መሀል ያለውን ርቀት በቀለም አስቀምጦ ማቴሪያሉን በዚያ ማጨለም፣ የቅጠሎቹን ጥላና ነጸብራቅ ማጥፋት። ከሩቅ ማንም አይለይም።

ዛፍ ስትደግሙ በሺፍት ዲ ሳይሆን በአልት ዲ፣ ወይም በጂኦሜትሪ ኖድስ ኢንስታንስ (አንዱን ዛፍ ሳይቀዱ ደጋግሞ ማሳየት) ይሁን። 40,000 ገጽታ ያለው አንድ ዛፍ 500 ጊዜ በሺፍት ዲ ከተቀዳ 20 ሚሊዮን ነው፣ ላፕቶፑ እዚያው ይተኛል። በኢንስታንስ ከሆነ ማስታወሻው የሚይዘው አንዱን ብቻ ነው። ካሜራው የማይነቃነቅበት ቀረጻ ላይ ደግሞ ጫካውን አንድ ጊዜ ብቻ ሬንደር አድርጋችሁ እንደ ፎቶ ከኋላ ለጥፉት።

ሰዓቱን አስቀድሞ ማስላት ነው። 20 ሰከንድ 480 ፍሬም ነው፤ አንዱ ፍሬም 90 ሰከንድ ከፈጀ ልክ 12 ሰዓት። ጫካውን ነጥላችሁ ወደ 25 ሰከንድ ካወረዳችሁት ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ፋይል አታውጡ፤ መብራት ከጠፋ ፋይሉ ሳይዘጋ ይቀርና ሁሉም ይበላሻል። ፒኤንጂ (ለየፍሬሙ አንድ የሥዕል ፋይል) በተርታ ይውጣ፣ «ኦቨርራይት» (ባለው ፋይል ላይ መጻፍ) ይጥፋ፣ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። የመጨረሻዋን ፒኤንጂ ግን ሰርዟት፤ ግማሽ ተጽፋ ሊሆን ይችላል፣ ብሌንደር ደግሞ አለች ብሎ ይዘላታል።

ዝምታ_ይናገራል

ድምፁን አትርሱ። የመታ ድምፅ የግጭቱ ፍሬም ላይ ይቀመጥ፤ አንድ ፍሬም ወደ 42 ሚሊሰከንድ ነው፣ 1 ፍሬም ቢዘገይ ማንም አያውቅም፣ 1 ፍሬም ቢቀድም ግን ሁሉም ሰው «የሆነ ነገር ልክ አይደለም» ይላል። ዓለም ላይ ድምፅ ከማየት ዘግይቶ እንጂ ቀድሞ አይደርስም።

የንቡ እዝዝታ አንድ ወጥ መሆን የለበትም። ሲያንዣብብ ዝቅ ያለ፣ ወደ ኋላ ሲሳብ እየቀጠነ፣ ሲወነጨፍ በአንዴ ሽቅብ ይወጣና ሲርቅ ይወርዳል። ባዶው ስክሪን ላይ ደግሞ ቁርጥ ይበል። የጫካው ወፍ ብቻ ይቅር። ከዚያ ምቱ ይምጣ። ሙዚቃ እዚያ ላይ ከቀጠለ ምቱ ይሞታል።

የማታ_ተረኛ

አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ ለኛ ሰው እንዲቀርብ ትንሽ የአማርኛ ትረካ ቢገባበትስ? «ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ንብ…» ዓይነት።

ዝምታ_ይናገራል

አይሆንም፣ ምክንያቱ ስሜት ሳይሆን ሰዓት ነው። «ንቡ ዞሮ አየ» የሚለውን ለመናገር ሠላሳ ፍሬም ያህል ይፈጃል። ዞሮ ለማየት 6 ይበቃዋል። ትረካው ወይ ከሥዕሉ ይቀራል ወይ ሥዕሉን ይጎትተዋል፤ የ12 ፍሬሟን ዝምታም ይበላታል። ለኛ ሰው ይቅረብ ከተባለ ባርኔጣውን መቀየር ይሻላል፣ አፍ ከመጨመር።

ጥላ_ብቻ

ባርኔጣ ከተነሳ፣ የጥላ ፈተናውን እሱም ይለፍ። ጠርዝ የሌለው ቆብ ከሩቅ ጭንቅላት ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ ሲወረወርም ድንጋይ ይመስላል። ሰፊ ጠርዝ ያለው ሲሽከረከር ቅርጹ በየፍሬሙ ይለዋወጣል፣ በ5 ፍሬምም ቢሆን ባርኔጣ መሆኑ ይነበባል።

ቀፎዋ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ኢንሄሪት ስኬል ሠራ፣ ክንፉ በማራገቢያው ተተካ፣ ሰውየውም ነፍስ ዘራ። ባዶው ስክሪን 20 ፍሬም ሆኗል። የባርኔጣው ምት ብቻ ቀረ፤ 5 ፍሬም ተወርውሮ ንቡን ሲነካ የመነካካቱ ፍሬም ደብዛዛ ነው፣ የነካ ሳይሆን በውስጡ ያለፈ ይመስላል።

አንድ_ሰከንድ_24_ነው

የሻተሩ አቀማመጥ ነው። ሬንደር ንብረቶች፣ ሞሽን ብለር፣ ፖዚሽን። «ሴንተር ኦን ፍሬም» ላይ ከሆነ ሻተሩ ከፍሬሙ ሩብ ፍሬም ቀድሞ ይከፈታል፣ ስለዚህ በነካበት ፍሬም ላይ ባርኔጣው ገና ሲመጣ የነበረው ጭራ ይገባል። «ስታርት ኦን ፍሬም» አድርጊው፤ ሻተሩ ከነካ በኋላ ብቻ ይከፈታል። ባርኔጣውንም ንቡንም እዚያ ፍሬም ላይ ጠርዝ ለጠርዝ አድርገሽ አንድ ፍሬም ሳይነቃነቁ አቆዪያቸው፣ ከዚያ በሚቀጥለው ንቡ ወደ 0.6 ይጨፍለቅ፣ ውፍረቱ 1.29። የነካበት ፍሬም ጥርት ይላል። ቅንብሩ ግን ለመላው ሲን ስለሆነ የውንጨፋውን 4 ፍሬሞች መልሰሽ እዪያቸው፤ ጭራው ሩብ ፍሬም ወደፊት ይገፋል።

ቀፎዋ

አየኋቸው፣ አልተበላሹም። ሦስተኛው ፍሬም ላይ ልጠጣውን ከ1.67 ወደ 1.7 አድርጌዋለሁ። አሁን ሬንደር ላይ ነው፣ 480 ፒኤንጂ።

ሬንደር_ጠባቂ

ኦቨርራይት ጠፍቷል?